ነጎድጓድን የጻፈ ሰው

በላስታ ደጋ ክረምቱ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ጥርት ብሎ ያረፈደ ሰማይ ከቀትር በኋላ ፊቱን ያጠቁራል፤ ከቆላው የተነሣው ትኩስ አየር ሽቅብ እየወጣ ይቀዘቅዝና ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ትከሻ ላይ ደመናውን ይከምረዋል። ከሙጃ ገበያ ወደየመንደሩ የሚመለሰው ሰው አህያውን ያጣድፋል፤ እረኛው ከብቱን ከጋራው ያወርዳል፤ ቀይ የለበሰችውንም ልጅ «አውልቂው፣ መብረቅ ይጠራል» የሚላት አይጠፋም። በግዳንና በላስታ በልግም ክረምትም ስለሚዘንብ ይህ ሥጋት በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። እረኛ ከነከብቱ፣ ገበሬ ከነበሬው በአንድ ብልጭታ የሚቀርበት ቀን አለ።

የቀይ ልብሱን ነገር ሳይንስ አይቀበለውም፤ መብረቅ ቀለም አይመርጥም። ዳሩ ግን በአባባሉ ውስጥ ያለው «ይጠራል» የሚለው ግስ የዋዛ አይደለም። ሰማይና ምድር ይጠራራሉ፣ ይሳሳባሉ የሚል አስተያየት አዝሏል። ይህ መሳሳብ ምን እንደሆነ፣ ልኩ ስንት እንደሆነ፣ በርቀት እንዴት እንደሚቀንስ ለማወቅ የሰው ልጅ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ከዚያ ረጅም ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው በእኛው ደጋ፣ በእኛው ነጎድጓድ ላይ ነው። ሲወሳ ብዙ አንሰማውምና ዛሬ እሱን ላነሣ ወደድሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሙጫ ነው። አምበር የምንለው እንደ ማር የወዛ ቢጫ ጌጥ፣ የጥንት ዛፍ ሙጫ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ በሚሊዮን ዓመታት ሲደነድን የሚገኝ ነገር ነው፤ የወሎና የሐረር እናቶች በአንገታቸው ሲያደርጉት ኖረዋል። በግሪክ ቋንቋ ስሙ «ኤሌክትሮን» ይባላል። በሱፍ ሲታሽ ገለባና ላባ ወደ ራሱ እንደሚስብ የጥንት ግሪኮች አስተውለው ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት በ1600 ስለ ማግኔት ባሳተመው የላቲን መጽሐፉ፣ እንደ አምበር የሚስቡትን ነገሮች ሁሉ ከዚሁ ቃል በወጣ ስም ጠራቸው፤ «ኤሌክትሪክ» የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። መቼም ከተነሣ አይቀር፣ አምበር በእኛም ምድር ተገኝቷል። በሰሜን ሸዋ ከዓለም ከተማ አካባቢ የወጣው አምበር በ2010 ለዓለም ሲታወጅ ዕድሜው 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተብሎ ነበር፤ በውስጡ ተይዘው የቀሩት ነፍሳትና ዕፅዋት እንደገና ሲመረመሩ ግን ከ23 ሚሊዮን ዓመት እንደማይበልጥ ታወቀ። ያም ቢሆን ለአንድ ጉንዳን በቂ ዘላለም ነው።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ደግሞ የሚጣፍጥ ሌላ ነገር አለ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእዩ መግቢያ፣ ከሰሜን በመጣው ዐውሎ ነፋስና እሳት መካከል ያየውን የሚያብረቀርቅ ነገር በዕብራይስጥ «ሐሽማል» ይለዋል። ሰብዓ ሊቃናት መጽሐፉን ወደ ግሪክ ሲመልሱ «ኤሌክትሮን» አሉት። የግእዙ ብሉይ ኪዳን በዋናው ከግሪኩ የተመለሰ ስለሆነ፣ የእኛ ተርጓሚዎች ከጊልበርት ከሺህ ዓመት በፊት በዚህ ቃል ላይ ብዕራቸውን አቁመው አስበዋል ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ዕብራይስጥ ጸሐፊዎች ለአዲሱ ኃይል ስም ሲሹ ባለቅኔው ይሁዳ ሌብ ጎርዶን ያንኑ የነቢዩን ቃል አነሣላቸው፤ ዛሬ በእስራኤል ቤት አምፖል የሚያበራው «ሐሽማል» ነው። እኛ «ኤሌክትሪክ»ን እንዳለ ተቀበልን፤ «ኮረንቲ»ንም ከጣልያን ወሰድን። ለዚህ ቁጭት አይሰማኝም። «ኮረንቲ ያዘው» ስንል ግሱ የእኛ ነው፤ ወባ እንደምትይዝ፣ ዛር እንደሚይዝ ኮረንቲም ይይዛል። ስሙን ከሌላ ብንበደርም ፍርሃቱን በራሳችን ሰዋስው ገርተነዋል።

አሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ለአውሮፓ የኤሌክትሪክ ጨዋታ ዘመን ነበር። በ1729 እንግሊዛዊው ስቲቨን ግሬይ ኃይሉ በክር ላይ እንደሚጓዝ አሳየ፤ ቆየት ብሎም አንድ ልጅ በሐር ገመድ አንጠልጥሎ ሰውነቱ ቅንጥብጣቢ ነገሮችን እንዲስብ እያደረገ ተመልካቾቹን አስደመመ። በ1733 ፈረንሳዊው ዱ ፌይ ኃይሉ ሁለት ዓይነት መሆኑን ተረዳ፤ አንድ ዓይነት የሆኑት ይገፋፋሉ፣ የተለያዩት ይሳሳባሉ። የዛሬ መጻሕፍታችን «አዎንታዊ ሙል» እና «አሉታዊ ሙል» የሚሏቸው ናቸው። በግንቦት 1752 ደግሞ በቤንጃሚን ፍራንክሊን ሐሳብ መሠረት ከፓሪስ ወጣ ባለች ማርሊ በምትባል መንደር ረጅም የብረት ዘንግ ተተከለ፤ ደመናው ሲያጉረመርም አንድ አሮጌ ወታደርና የመንደሩ ቄስ በበረዶ ዝናብ ውስጥ ሮጠው ከዘንጉ የእሳት ብልጭታ አወጡ። መብረቅ እና የታሸ አምበር አንድ መሆናቸው ያን ዕለት ታወቀ። ዕውቀቱ ያለ ዋጋ አልመጣም። በ1753 በሴንት ፒተርስበርግ ጌኦርግ ሪችማን የተባለ ሊቅ ያንኑ ሙከራ ሲደግም፣ ዘንጉ ከምድር ጋር አልተያያዘም ነበርና መብረቁ ግንባሩን መትቶ ገደለው። ለባልቴቱና ለልጆቹ መጦሪያ እንዲሰጥ የተማጸነ ደብዳቤ የጻፈው የሥራ ባልደረባው፣ ባለቅኔውም ሳይንቲስቱም ሎሞኖሶቭ ነበር።

በዚያው ዘመን በጎንደር እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ነገሡ። የመብረቅ ጠባሳ ለከተማይቱ አዲስ አልነበረም፤ ቀዳማዊ ኢያሱ ያሠሩት የመጀመሪያው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በ1707 በመብረቅ መጥፋቱ ይነገራል። ዛሬ የመላእክት ፊት በጣሪያው ላይ ተደርድሮ የምናየው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የተሠራው ነው። የፍራንክሊን ዘንግ ሊተከል ገና 45 ዓመት ይቀረው ነበር።

ጨዋታው ወደ ሒሳብ የተለወጠው በአንድ የጦር መሐንዲስ እጅ ነው። ሻርል ኦጉስተን ኩሎም በማርቲኒክ ደሴት ምሽግ ሲያሠራ ወደ ስምንት ዓመት ቆይቶ ጤናውን አጥቶ ወደ ፈረንሳይ የተመለሰ ሰው ነው። የሚያውቀው ድንጋይ፣ አፈርና ገመድ ነበር፤ የክርና የሽቦ መጠምዘዝን ባሕርይ ግን ከማንም ይበልጥ አጥንቷል። በ1785 ያቀረበው መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው። በመስተዋት ሲሊንደር ውስጥ እንደ ጠጉር የቀጠነ የብር ሽቦ ይንጠለጠላል፤ ከጫፉ ቀላል ዘንግ ተጋድሞ በዘንጉ አንድ ጫፍ ትንሽ ኳስ አለ። ሌላ እኩያ ኳስ አጠገቡ ይቆማል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሙል ሲያገኙ ይገፋፋሉ፤ ግፊቱም ሽቦውን ይጠመዝዛል። ሽቦው የተጠመዘዘበት ማዕዘን የኃይሉ ልክ ነው።

ኩሎም ያስመዘገበው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፤ እኔም ካየኋቸው የሳይንስ ሰንጠረዦች ሁሉ ይህን እጅግ አደንቀዋለሁ። ኳሶቹ በ36 ዲግሪ ተራርቀው ሳሉ ጥምዘዛው 36 ነበር። ርቀቱን ወደ 18 ለማጥበብ 144 አስፈለገ። ወደ 8 ተኩል ለማድረስ 575 ተኩል። ርቀቱ በግማሽ ሲያንስ ኃይሉ አራት እጥፍ፣ በሩብ ሲያንስ አሥራ ስድስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ኒውተን ለፀሐይና ለፕላኔቶች ያገኘው ሕግ መልኩን ሳይለውጥ በአንድ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ በሁለት ፍሬ ኳሶች መካከል ተገኘ። ፕሪስትሊ በ1767 ገምቶት ነበር፤ ካቨንዲሽም ለክቶት ሳያሳትመው ቀርቷል። ስሙ ግን ለኩሎም ጸና፤ የሙል መለኪያውም «ኩሎምብ» ተባለ። ልኩን ለመገመት ያህል፦ አንድ አንድ ኩሎምብ የያዙ ሁለት ነጥቦች በአንድ ኪሎ ሜትር ተራርቀው ቢቆሙ እንኳ የሚገፋፉበት ኃይል 9,000 ኒውተን ይሆናል። የሦስት የደለቡ በሬዎች ክብደት ነው።

በ1785 ኢትዮጵያ ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። የላስታና የዋግ ሹማምንት፣ የየጁ መኳንንት፣ የትግሬና የጎጃም ጌቶች በየራሳቸው ጎን ይሳሳባሉ፣ ይገፋፋሉ። ምሳሌው ያጓጓል፤ ሆኖም የመኳንንት ጠብ በርቀት ስኩዌር አይቀንስምና እተወዋለሁ።

የኩሎም ሕግ አንድ እንቆቅልሽ ጥሎ አለፈ። ሁለት ኳሶች ሳይነካኩ፣ በመካከላቸው ምንም ሳይኖር እንዴት ይተዋወቃሉ? መልሱ የመጣው መደበኛ የሒሳብ ትምህርት ካልቀሰመ፣ የመጻሕፍት ጠራዥ ደቀ መዝሙር ሆኖ ካደገ ሰው ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1830ዎቹ እና 1840ዎቹ ባዶ የሚመስለው ሥፍራ ባዶ አይደለም አለ። እያንዳንዱ ሙል ዙሪያውን በማይታዩ የኃይል መስመሮች ይሞላዋል፤ ሌላው ሙል የሚያገኘው በአጠገቡ ያለውን መስመር እንጂ የሩቁን ጓደኛውን አይደለም። ይህን የተሞላ ሥፍራ «ፊልድ» ብለው ሰየሙት፤ አማርኛችን «መስክ» አለው። መጽሐፍ ያዘጋጁልን ሰዎች ካወጧቸው ስሞች ሁሉ ይህ ይልቅብኛል። መስክ ለደገኛ ከብት የሚውልበት ሣር ነው፤ ዳርቻው በዐይን አይለይም፣ ግን በውስጡ የገባ ሁሉ ይሰማራበታል። ሙጃም በአማርኛ የሣር ስም ነው፤ የከተማይቱን ስም ከዚያ ለማዋለድ ግን አልደፍርም።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። አንቷን ዳባዲ በ1810 በደብሊን ተወለደ፤ በአባቱ ባስክ ነው። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የማግኔትን ነገር እንዲመለከት ወደ ብራዚል ላከው። በየካቲት 1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወረደ፤ ወንድማማቾቹ በኢትዮጵያ ምድር ከአሥር ዓመት በላይ ተመላለሱ። አርኖ ከመሳፍንቱ ጋር በጦርና በፈረስ ሲውል፣ አንቷን የተራሮችን ማዕዘን ይለካል፣ የብራና መጻሕፍት ይሰበስባል፣ ቃላት ይጽፋል፣ ሰማይ ያዳምጣል። ከዓይን ሕመም ጋር ሲታገል ኖሯል። ስሕተትም አላጣውም፤ የነጭ ዓባይን ምንጭ በጊቤ በኩል አገኘሁ ብሎ ነበር። ከእንግሊዛዊው ተጓዥ ከቤክ ጋርም፣ ከፋ መድረሱን ቤክ አላመነውምና፣ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ክርክር ገጥመዋል።

በዚያው በ1838 በፓሪስ ታላቁ ሊቅ ፍራንሷ አራጎ ስለ ነጎድጓድ ሰፊ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ስለ መብረቅ የሚያውቁት የአውሮፓ ሰዎች በአውሮፓ ሰማይ ተወስነው ነበር፤ የሐሩር ክልል ደጋ፣ ዝናቡ በየቀኑ በሰዓቱ የሚመጣበት አገር፣ ለዚህ ጥናት ወደር የሌለው ሥፍራ ነው። ዳባዲ የታዘበውን ሰብስቦ በ1858 «በኢትዮጵያ ስላለው ነጎድጓድ» በሚል ርእስ በፓሪስ አሳተመው። እስኪ አስቡት፤ ፋራዴይ በለንደን ቤተ ሙከራው የኃይል መስመር በሚስልበት ዓመት፣ አንድ ሰው በእኛ ደጋ ተቀምጦ ደመና ይጠብቃል። የነጎድጓድ ታዛቢ መሣሪያው ሰዓትና ጆሮ ነው። ብርሃኑ ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ብልጭ ካለበት እስኪያጓራ ድረስ ቆጥሮ ለሦስት ማካፈል የመብረቁን ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጣል።

ያው ሰው በ1859 የግእዝ መጻሕፍቱን ዝርዝር፣ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። በፈረንሳይና በስፔን ድንበር ባለችው አንዳይ ያሠራውን ቤተ መንግሥት በኢትዮጵያ ሥዕልና በፊደላችን አስጌጠው፤ በ1897 ሲሞት የተቀበረውም እዚያው ነው። የብራናዎቹ ነገር ሲነሣ አገር ያዝናል፤ ተገቢም ነው። የነጎድጓዱ መጽሐፍ ግን እንደ ብራናው ከዕቃ ቤት የተወሰደ አይደለም። ነጎድጓዱ ዛሬም እዚሁ አለ። የጎደለው እንደ እርሱ ተቀምጦ ለዓመታት የሚጽፈው ነው። አንድ የሙጃ መምህር ተማሪዎቹን የግድግዳ ሰዓት አስይዞ አንድ ክረምት ቢያስመዘግብ፣ ከዳባዲ መጽሐፍ አጠገብ የሚቀመጥ ሥራ ይወጣዋል።

ዳባዲ ሊያውቀው ያልቻለውን ዛሬ እናውቃለን። ሙሉ የሚወለደው በደመናው ሆድ ውስጥ ነው። ቀላል የበረዶ ቅንጣቶች ሽቅብ ሲነጉዱ ከከባዶቹ የበረዶ እንክብሎች ጋር ይጋጫሉ፤ በግጭቱ ከባዶቹ አሉታዊ ሙል ይዘው ከታች ሲቀሩ፣ ቀላሎቹ አዎንታዊውን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። የደመናው እግር በአሉታዊ ሙል ሲሞላ በሥሩ ያለው ምድር በአዎንታዊ ይመልስለታል። ለምሳሌ 20 ኩሎምብ ከራሳችን በላይ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ቢንጠለጠል፣ በኩሎም ሕግ ከሥሩ ያለው መስክ 45,000 ቮልት በሜትር ይሆናል፤ የምድሩ ምላሽ ሲጨመርበት 90,000 ይደርሳል። በመልካም ቀን ያው መስክ ከ100 ቮልት በሜትር ብዙም አይርቅም።

ይሁን እንጂ በማዕበል ሥር በምድር ላይ ሲለካ ብዙ ጊዜ 10,000 ገደማ ላይ ይቆማል። ሕጉ ተሳስቶ አይደለም። መስክ በሹል ነገር ጫፍ ላይ ይበረታል፤ በዚያም አየሩን እየሰነጠቀ ሙል ቀስ ብሎ ያፈስሳል። የሣር ጫፍ፣ የእሾህ ጫፍ፣ የጽድ ቅርንጫፍ፣ የበሬ ቀንድ ሁሉ ያፈስሳል። በላስታ ተዳፋት ላይ ያለ የገብስ ማሳ፣ እያንዳንዱ ዛላ ጢሙን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ ዝናቡ ከመውረዱ በፊት ምድርን ከደመናው ጋር ሲያስታርቅ ይቆያል። ድምፁ አይሰማም፣ ብርሃኑም ቀን ለቀን አይታይም። የገብስ ጢም በጸጥታ መብረቅን እንደሚከራከር ሳነብ ለብዙ ቀን ከሐሳቤ አልወጣም።

እርቁ ሁልጊዜ አይሳካም። በባሕር ወለል ላይ አየር የሚሰነጠቀው መስኩ 3 ሚሊዮን ቮልት በሜትር ሲደርስ ነው፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ልኩ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ከደመናው የተነሣው ፍላጻ ሃምሳ ሃምሳ ሜትር ያህል እየዘለለ ይወርዳል። ወደ ምድር ሲቀርብ መስኩ እጅግ ስለሚበረታ፣ ከረጃጅሞቹና ከሹሎቹ ነገሮች ሽቅብ የሚወጣ ምላሽ ይነሣል፤ ሁለቱ በተገናኙበት ቅጽበት በዐሥር ሺዎች አምፔር የሚቆጠር ጅረት ያልፋል፣ አየሩም ወደ 30,000 ዲግሪ ይግላል። እንግዲህ «ይጠራል» ያሉት ሰዎች ግሱን አልሳቱም። ከምድር የሚወጣ ጥሪ አለ፤ ጠሪው ግን የልብሱ ቀለም ሳይሆን ቁመቱና ሹልነቱ ነው።

የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ በዚህ ረገድ ያስገርማል፤ ከዓለት ወደ ታች ተፈልፍሎ ስለወጣ ጣሪያው ከዙሪያው መሬት ጋር ተስተካክሎ ይታያል፤ ከመሬት በላይ የሚዘልቅ ጫፍ የለውም። ለመብረቅ ታስቦ ነው አልልም። በኮረብታ አናት ላይ በጽድና በወይራ ተከብቦ፣ ጉልላቱን በብረት መስቀል አሹሎ የሚቆመው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግን ተቃራኒው ነው። ሳሩ ክዳን በቆርቆሮ ሲተካም ቆርቆሮው ከምድር ጋር ካልተያያዘ ነገሩ ያው ነው።

ከብት የበለጠ የሚሞትበትም ምክንያት ይኸው መስክ ነው። መብረቅ ዛፍ መትቶ መሬት ሲገባ፣ ጅረቱ በአፈሩ ውስጥ ዙሪያውን ይበተናል፤ ከወደቀበት በራቁ ቁጥር ቮልቱ ይቀንሳል። የበሬ የፊትና የኋላ እግር ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚራራቅ በመካከላቸው ያለው የቮልት ልዩነት ትልቅ ነው፤ ጅረቱም ከእግር ወደ እግር ሲያልፍ ልብን አቋርጦ ነው። ሰው እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ቢል ልዩነቱ በጣም ያንሳል። በደረት መተኛት፣ እግርን አንፈራጥጦ መሮጥ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ሦስቱም ገዳይ ናቸው። ብልጭታና ነጎድጓዱ መካከል ያለው ጊዜ ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ እረኛ ከሸንተረሩ መውረድ ያለበት ያን ጊዜ ነው፣ ዝናቡ ሲጀምር አይደለም።

ለቤተ ክርስቲያኑና ለትምህርት ቤቱ ደግሞ የሪችማን ዘንግ ያጣው ነገር ይበቃል፤ ከጉልላቱ ወይም ከጣሪያው ጫፍ ተነሥቶ፣ በግድግዳው ውጭ ሳይጠማዘዝ ወርዶ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ጠልቆ ከተቀበረ ብረት ጋር የሚያያዝ ወፍራም የመዳብ ሽቦ።